ሞተር ለሌለው ሰው የሞተር መጽሔት

ዓለምን በሞተርሳይክል መጀመሪያ እንደዞረ የሚነገርለት ሰው የጉዞ ወጪውን በከፊል የሸፈነው ቤታቸው ቁጭ ብለው በሚያነቡ ሰዎች ገንዘብ ነው። ካርል ስተርንስ ክላንሲ ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው። በጥቅምት 1912 ዋልተር ስቶሪ ከሚባል ጓደኛው ጋር ከአየርላንዷ ደብሊን ተነሳ። (የውጭዎቹን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።) የያዙት ሄንደርሰን የሚባል፣ ዲትሮይት የተሠራ ሞተር ነው፦ አራት ሲሊንደር፣ ሰባት የፈረስ ጉልበት፣ አንድ ማርሽ። አንድ! ዳገት ሲመጣ ማርሽ መቀነስ ብሎ ነገር የለም፤ ካልቻለ ወርደህ ትገፋለህ። ገና ደብሊን ሳሉ የስቶሪ ሞተር ከትራም ጋር ተጋጨ። ፓሪስ ሲደርሱ ስቶሪ በቃኝ አለ። ክላንሲ ብቻውን ስፔንን፣ አልጄሪያንና ቱኒዚያን አቋረጠ፣ በመርከብ ወደ ሲሎን፣ ቻይናና ጃፓን ተሻገረ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ነድቶ በነሐሴ 1913 ኒው ዮርክ ገባ። ሲደመር 18 ሺህ ማይል ያህል ነው፤ ወደ 29 ሺህ ኪሎ ሜትር። ያኔ የኛ ባቡር ራሱ ገና አዲስ አበባ አልደረሰም።

ክላንሲ በየደረሰበት እየጻፈ ለአንድ የአሜሪካ የብስክሌትና የሞተር መጽሔት በፖስታ ይልክ ነበር። መጽሔቱ ያትማል፣ ይከፍለዋል፣ እሱ ቤንዚን ይገዛል። አንባቢው ደግሞ ለመጽሔቱ ቀድሞ ከፍሏል። እኔ በሙያዬ ኮድ ጸሐፊ ነኝና ነገሩ የሚታየኝ እንደ ሲስተም ነው፦ ገንዘብ ከዚህ ይገባል፣ ታሪክ ከዚያ ይወጣል፣ መሀል ላይ አንድ አቧራ የለበሰ ሰው አለ። ከሦስቱ አንዱን ብታወጣው ሌላው ይቆማል። ደንበኝነት የምንለው ነገር ሲፈታ ይሄው ነው፤ ገና ያልተጻፈ ነገር ላይ ቀድሞ መክፈል።

ከሦስት ወር በፊት እኔም ከፈልኩ። በዓመት አራት ጊዜ በወረቀት የሚታተም፣ ገና አንድ እትም ብቻ ያወጣ፣ ስለ ረጅም የሞተር ጉዞ የሚጽፍ አዲስ የእንግሊዝኛ መጽሔት ነው። የኔ ካርድ ውጭ ስለማይሠራ የከፈለችልኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። መጽሔቱ የሚሄደው እሷ ቤት ነው፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ክፍተት እስኪገኝ ይጠብቃል። የመጀመሪያው እትም ከበርበሬ ማስቀመጫ ዕቃና ከሁለት ጥንድ ጫማ ጋር ነው የደረሰኝ።

ሞተር የለኝም። ቢኖረኝም ምን ሊረባ፤ አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ከሌለህ በሞተር መንቀሳቀስ የከለከለች ከተማ ናት። ቢሮ ያሉ ልጆች ሲስቁብኝ ሰነበቱ። «ዩቲዩብ ላይ በነጻ ሞልቶ የለም እንዴ?» አለኝ አንዱ። ጥያቄው ተራ ፌዝ አይደለም፤ ለመመለስ ግን ይሄ ዓይነት ጽሑፍ ባለፈባቸው መቶ ዓመታት ማን እንደከፈለና ማን እንደተጻፈለት ማየት ያስፈልጋል።

ስልሳ ዓመት እንዝለል። ቴድ ሳይመን የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ነው። በ1973 ጥቅምት 6 ቀን ትራየምፍ ታይገር 100 የተባለች 500 ሲሲ ሞተር ጭኖ ከለንደን ወጣ። ያቺው ዕለት ግብፅና ሶሪያ ከእስራኤል ጋር ጦርነት የጀመሩባት ናት፤ የሱ መንገድ ደግሞ በግብፅ በኩል! የደገፈው ሰንደይ ታይምስ ጋዜጣ ነበር። አራት ዓመት ፈጀበት፣ 45 አገር ረገጠ፣ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነዳ። በ1979 ያሳተመው «ጁፒተርስ ትራቭልስ» የዚህ ዘርፍ ሰዎች እንደ ዳዊት የሚደግሙት መጽሐፍ ሆነ።

ከሱዳን ተነስቶ ወደ ጎንደር፣ ከዚያ በአዲስ አበባ አድርጎ በሞያሌ ወደ ኬንያ አለፈ። እኛ ዘንድ 1966 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አብዮቱ ደጃፍ ላይ። ጎንደር ላይ ቤንዚን የቀዳለት ልጅ ከዓመት በኋላ የት እንደነበረ ማን ያውቃል? መንገደኛ ያየውን ይጽፋል፣ ያላየውን አልጻፈም ብዬ አልከስሰውም። ግን ከካይሮ ኬፕታውን በሚነዱ ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ ከዚያ በኋላ አገራችን አንድ የተወሰነ ቦታ ይዛ ቀረች። ተራራው ያምራል፣ ቡናው ልዩ ነው፣ ልጆቹ ድንጋይ ይወረውራሉ፣ ከሞያሌ በኋላ ያለው መንገድ አጥንት ያፈርሳል። የሞያሌ–ማርሳቢት መንገድ አስፋልት ከሆነ ቆይቷል። ድንጋዩ ግን ከጽሑፉ አልወጣም።

(ድንጋዩ ውሸት ነው አላልኩም። አባቴ አገር የበጋ ዕረፍቴን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፣ አውቀዋለሁ።)

አሁን የገንዘቡ አቅጣጫ የተቀየረበት ላይ ደርሰናል። ቲዬሪ ሳቢን የተባለ ፈረንሳዊ በ1977 የሊቢያ በረሃ ውስጥ ከነሞተሩ ጠፍቶ በመከራ ተረፈ፤ በማግስቱ ዓመት መጨረሻ የፓሪስ–ዳካርን ውድድር አስጀመረ። ቢኤምደብሊው በበኩሉ በ1980 አር80 ጂ/ኤስ የተባለውን ሞተር አወጣ። ፊደሎቹ በጀርመንኛ «ሜዳና አስፋልት» እንደማለት ናቸው። ኢንጂነር ስለሆንኩ ትንሽ ልቆይበት፦ ሞተሩ ሰንሰለት የለውም፤ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በሚሽከረከር ዘንግ ነው። ጎማው ደግሞ በአንድ ጎን ብቻ ስለተያዘ ልክ እንደ መኪና ጎማ ሦስት ብሎን ፈትተህ ታወጣዋለህ። በረሃ ላይ ጎማ ለፈነዳበት ሰው ይሄ ፈጠራ ጸሎቱ የተሰማለት ያህል ነው። በዚሁ ሞተር ላይ በተሠራ የውድድር ሞተር ዳካርን በ1981 ያሸነፈው ኡበር ኦሪዮል ነው፤ በ1983 ደገመው፣ በ1992 በመኪና አሸነፈና በሁለቱም ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ቅጽል ስሙ «አፍሪካዊው» ነበር። የተወለደው የት መሰላችሁ? አዲስ አበባ፣ በ1952። በ2021 እስኪያርፍ ድረስ ከመቶ ኢትዮጵያዊ አንዱ እንኳ ስሙን የሰማ አይመስለኝም። ለምን እንደማናውቀው ሳስብ መልሱ ቀላል ነው፤ የኛ ቋንቋ ታሪኩን ሲጽፍ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሞተሮቹ ከበዱ፣ ውድ ሆኑ። ጀብዱ ሳጥን፣ ጃኬት፣ ቦት ጫማና ጎማ የሚሸጥበት ገበያ ሆነ። በ2004 ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቦርማን ሁለቱ ተዋንያን ከለንደን ኒው ዮርክ በምሥራቅ በኩል ሲነዱ ኬቲኤም ሞተር አልሰጥም አለ፣ ቢኤምደብሊው ሰጠ፤ ከዚያ በቴሌቪዥን የሆነውን ሁሉም ያውቃል። በ2007 አፍሪካን ሲወርዱ በኛም በኩል አለፉ። እንግዲህ የጉዞውን ሒሳብ ዋና ከፋይ ሻጩ ሲሆን መጽሔቱም የሻጩን ዓይን ይይዛል። የብዙዎቹን ገጽ ብትገልጥ ግማሹ የዕቃ ግምገማ ነው። መንገዱ የሳጥኑ ጥንካሬ መፈተኛ ሆኖ ይቀራል።

ማን እንደማይጻፍለትም ከዚሁ ይታወቃል። ኤልስፔት ቢርድ የለንደን የሥነ ሕንጻ ተማሪ ነበረች። በ1982፣ በ23 ዓመቷ፣ አር60/6 የተባለ ያረጀ ቢኤምደብሊው ይዛ ዓለምን ልትዞር ወጣች፤ በ1984 ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት ለስፖንሰርም ለሞተር መጽሔቶችም ብትጽፍ የረባ መልስ አላገኘችም። ማስታወሻዋንና ፎቶዎቿን አስቀመጠች፣ ሥራዋን ሠራች፣ ልጅ አሳደገች። መጽሐፏ የወጣው በ2017 ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት! እኔ ከኖርኩት ዕድሜ ይበልጣል። የክላንሲ ነገር በተቃራኒው ነው፦ እሱም ተረስቶ ነበር፣ ግን ጽሑፎቹ በመጽሔት ታትመው ስለነበር መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል አንድ አሜሪካዊ ሞተረኛ ጸሐፊ ከአሮጌ ጥራዞች ሰብስቦ በ2010 መጽሐፍ አደረጋቸው። የዩቲዩቡን ጥያቄ ለመለሰልኝ ልጅ ያልኩትም ይሄን ነው። ቪዲዮው የወደደ ያየዋል፤ ቻናሉ ሲዘጋ ግን የሚያገኘው የለም።

በነገራችን ላይ እኛ የደንበኝነት ባህል የለንም ሲባል አይዋጥልኝም። አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቶ፣ አንብቦ የሚመልስ ሕዝብ የንባብ ጥማት የለውም አይባልም። የጎደለን ቀድሞ መክፈል ነው። ተከራይ የታተመውን ያነባል። ደንበኛ ግን ያልታተመው ላይ ትንሽ አፍ አለው።

ይቺን አፍ ልጠቀምባት ብዬ ነው መጽሔቱን አንብቤ ስጨርስ ደብዳቤ የጻፍኩት። የመጀመሪያው እትም ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ወረቀቱ ወፍራም፣ ማስታወቂያው ጥቂት፤ ስለ ፓሚር ተራሮች የተጻፈውን ሁለቴ አነበብኩት። ከካይሮ ኬፕታውን የሚለው ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ግን ኢትዮጵያ ሁለት አንቀጽ ናት። ተራራ፣ ቡና፣ ድንጋይ፣ ሞያሌ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያው አራት ቃል።

የጻፍኩላቸው ስለ አጎቴ ልጅ ነው። ቦንጋ አካባቢ ሞተረኛ ነው፤ የሚነዳው ሕንድ ሠራሽ ቦክሰር ነው። ሳጥን የለውም፣ ቦት የለውም፣ የራስ ቁሩ መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል። ክረምት ላይ፣ ጭቃው ጎማ ሲውጥ፣ ምጥ የያዛትን ሴት መሀል አስቀምጦ እናቷን ከኋላ ጭኖ ጤና ጣቢያ ያደረሰባቸው ሌሊቶች አሉ። አንድ ጊዜ ስንት ብር እንዳስከፈለ ስጠይቀው ተቆጣኝ። «ለዚያ ይከፈላል እንዴ? ቤንዚኑን ሰጡኝ» አለ። እሱ ይሄን ጀብዱ አይለውም። ጀብዱ የሚለው፣ አንድ ፈረንጅ ትልቅ ሞተር ይዞ መጥቶ ጭቃው ውስጥ ሲወድቅ እነሱ ስድስት ሆነው ያወጡበትን ቀን ነው፤ ያንን ሲያወራ እስኪያለቅስ ይስቃል። የዚያ ፈረንጅ ጽሑፍ የሆነ ቦታ ታትሞ ይሆናል። «ደግ የመንደሩ ሰዎች» ተብለው ገብተውበት ይሆናል፣ ያለ ስም።

አዘጋጁ በሳምንቱ መለሰልኝ። 1,500 ቃል፣ ፎቶ ጥራት ያለው፣ የባለታሪኩ ስምና ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ክፍያ በፓውንድ ነው፣ የባንክ ሒሳብ ላክ። የባንኩን ጉዳይ ለአክስቴ ልጅ አስተላለፍኩ። ለአጎቴ ልጅ ደውዬ ስሙ እንግሊዝ አገር መጽሔት ላይ እንዲወጣ ፈቃዱን ስጠይቀው ዝም አለ፤ ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ሞተሩንም ያነሱታል?» አለኝ በመጨረሻ።

«ያነሱታል።»

«እንግዲያው ቆይ፣ መስታወቱን ላሠራ።»