ድኅረ ዶክትሬት የሕይወት ሳይንስ ምርምር በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላማ ከተሞች

ድኅረ ዶክትሬት ምርምር፣ በተመራማሪዎች አጠራር «ፖስትዶክ»፣ ሦስተኛ ዲግሪውን የያዘ ተመራማሪ ልምድ ባለው ሳይንቲስት ሥር ለጥቂት ዓመታት የሚሠራበት እርከን ነው። ሌላ ዲግሪ አያሰጥም። ተመራማሪው የራሱን ጥያቄ ቀርጾ፣ ገንዘብ አፈላልጎ፣ በኋላም የራሱን የምርምር ቡድን ለመምራት የሚበቃበት ነው።

የምርምር መስኮች
በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ፣ በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሞያሌ ዙሪያ፣ አርብቶ አደሩ ከከብቱ፣ ከግመሉና ከፍየሉ ጋር ተቀራርቦ ይኖራል፤ ጥሬ ወተትም ይጠጣል። ስለዚህ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች፣ በተለይ ብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ፣ ዋና የምርምር ርዕሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኢኮሄልዝ መጽሔት የታተመ ጥናት በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አርብቶ አደሮች ላይ የከብቶችን ነቀርሳ የሚያመጣውን ማይኮባክቴሪየም ቦቪስን አግኝቷል። የሰውን የሳንባ ነቀርሳ ተህዋሲ ደግሞ በእንስሳት ላይ አግኝቷል። ወደ ምዕራብ በሰገን ሸለቆ ካላአዛር፣ በኦሞ ሸለቆ ቆላ ደግሞ የገንዲ በሽታ ይገኛሉ። በዚሁ አቅጣጫ ወረርሽኞችም ተከስተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሳው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ 30,000 ያህል ሰዎችን እንደገደለ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ መከሰቱ ተረጋግጧል።

ተቋማት
የላቀ ቤተ ሙከራ ያላቸው ተቋማት በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው አርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የሥጋ ደዌንና የሳንባ ነቀርሳን ያጠናል። አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው የእንዶድን ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይል ካገኙት ሳይንቲስት ነው። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ኢንስቲትዩትም በከተማዋ ግቢ አለው። በቆላው በኩል በያቤሎ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪና የአርብቶ አደር ግብርና ምርምር ማዕከል፣ እንዲሁም ቡሌ ሆራ፣ ቦረና፣ ጂንካና አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎች ይገኛሉ።

የገንዘብ ምንጮች
የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ ድኅረ ዶክትሬት ድጋፍ ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ነው። አመልካቹ ሦስተኛ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የምርምር ልምድም ከ8 ዓመት መብለጥ የለበትም። በአውሮፓ የሚሠራበት ጊዜ ከ12 እስከ 24 ወር ነው። የአውሮፓና የታዳጊ አገሮች የክሊኒካዊ ሙከራ አጋርነት፣ በምኅጻሩ ኢዲሲቲፒ፣ ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ተቋማት ለሚሠሩ ተመራማሪዎች ድጋፍ ሰጥቷል። በታዳጊ ዓለም የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ደግሞ በአገራቸው ለሚመራመሩ ሴቶች እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ የጀማሪ ተመራማሪ ድጋፍ ሰጥቷል።

ፈቃድና አሠራር
በሰው ላይ የሚካሄድ ጥናት የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይጠይቃል። ናሙና ወደ ውጭ ሲላክ የማስተላለፊያ ስምምነት ያስፈልጋል፤ የጄኔቲክ ሀብት ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይመለከተዋል። የምርምር ቦታው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ፣ ናሙናው ግን ቦረና በመሆኑ፣ አመልካቹ ከማመልከቱ በፊት ከያቤሎ ላቦራቶሪ ወይም ከአካባቢው ዩኒቨርሲቲ ጋር የሥራ ስምምነት ቢይዝ ይጠቅመዋል።