ለሐኪም የማይነገር ሕመም

በሳንሱሲ በኩል ወደ አምቦ የሚወጣውን መንገድ የሚያዘወትር ሰው፣ ከሰፈሩ አልፎ በዚያው አቅጣጫ ስላለው ‹‹ደስታ መንደር›› ሳይሰማ አይቀርም፡፡ ዶ/ር ካትሪን ሐምሊን ያቋቋሙት፣ ጉዳታቸው በቀዶ ጥገና ብቻ ሙሉ በሙሉ ሊድን ላልቻለ የፊስቱላ ታካሚዎች ነው፡፡ ሰው ከሰው ስለሚደብቀው ሕመም ከተነሳ በእኔ አስተያየት ፊስቱላን የሚቀድም የለም፡፡

ምጥ ለቀናት ሲራዘምና ሕፃኑ መውጫ ሲያጣ፣ ጭንቅላቱ በብልትና በሽንት ፊኛ መካከል ያለውን ሥጋ ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፡፡ ደም የተቋረጠበት ሥጋ ይሞትና ቀዳዳ ይከፈታል፡፡ ከዚያ በኋላ ሽንት፣ አንዳንዴም ዓይነ ምድር፣ ሳይታወቅ ይፈሳል፡፡ አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑም አይተርፍም፡፡ እናትየዋ ሽታው እንዳይታወቅባት ከሰው ትርቃለች፤ ፍሳሹ እንዲቀንስላት ብላም ውኃ መጠጣት ትተዋለች፡፡ ይህ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል፤ የወፈረው ሽንት ቆዳዋን ይለበልበዋል፣ ጠጠርም ሊሠራ ይችላል፡፡ ሌላው የሚያስቆጨው ትንሽ ቀዳዳ ቶሎ ከታየ፣ ካቴተር ገብቶ ሽንቱ ለሳምንታት በዚያ እንዲወጣ በማድረግ ብቻ ያለ ቀዶ ጥገና ሊገጥም መቻሉ ነው፡፡ ሐፍረት የሚበላው እነዚህን ሳምንታት ነው፡፡

ዶ/ር ካትሪንና ባለቤታቸው ዶ/ር ሬጂናልድ በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሠሩ፤ ኋላም አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታላቸውን ከፈቱ፡፡ ሕክምናው በነፃ ነው፡፡ ዶ/ር ካትሪን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው እስካረፉ ድረስ ከ60 ሺሕ በላይ ሴቶች ታክመዋል፡፡ ታካሚ ሆነው ገብተው፣ መደበኛ ትምህርት ቤት ሳይገቡ የቀዶ ጥገና ባለሙያ የሆኑት ወ/ሮ ማሚቱ ጋሼም የዚያው ቤት ልጅ ናቸው፡፡ እኔን የሚገርመኝ ግን የዋርዱ ነገር ነው፡፡ እዚያ የገባች ሴት አጠገቧ የተኛችው ሕመም ያው የእሷው ነው፤ የምትደብቀው ነገር አይኖርም፡፡

እኛ የተማርነው የከተማ ሰዎች እንዲህ ያለ ዋርድ የለንም፡፡ ኪንታሮት፣ ፕሮስቴት፣ ስንፈተ ወሲብ፣ የማህፀን መውጣት የያዘው ሰው ‹‹ለጓደኛዬ ነው›› እያለ ፋርማሲ ለፋርማሲ ይዞራል፤ ወይም የስልክ ምሰሶ ላይ የተለጠፈ የባህል መድኃኒት ማስታወቂያ ያነባል፡፡ ሰገራው ላይ ደም ያየ ሁሉ ‹‹ኪንታሮት ነው›› ብሎ ያልፋል፡፡ የአንጀት ካንሰርም በዚሁ ምልክት ሊጀምር እንደሚችል ማን ይንገረው?

ሐፍረቱን በሽተኛው ላይ ብቻ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፡፡ እኔ ራሴ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ለማውጣት ተሰልፌ፣ መስኮቷ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ አሥር ሰው እየሰማ ‹‹ምንዎን ነው የሚያምዎት?›› ብላኛለች፡፡ ‹‹ራሴን›› አልኩ፤ ራሴን ግን አላመመኝም ነበር፡፡ ሕጉ ለዚህ ዝም አላለም፡፡ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399፣ በሙያው ምክንያት ያወቀውን የሰው ምስጢር የሚያወጣ ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ፣ የመድኃኒት ባለሙያና ረዳቶቻቸው በተበዳዩ አቤቱታ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ እንደሚቀጡ ይደነግጋል፡፡ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፡፡ በዚህ አንቀጽ ክስ ሲቀርብ እምብዛም አንሰማም፤ ማን ነው ምስጢሬ ወጣ ብሎ ምስጢሩን ፍርድ ቤት የሚያነበው?

ስለዚህ ካርድ ክፍል ዝርዝሩን መናገር ካልፈለጉ ‹‹ለሐኪሙ ነው የምነግረው›› ማለት ይበቃል፡፡ ምርመራ ክፍል ውስጥ ሥራ የሌለው ሰው ካለ እንዲወጣ ይጠየቃል፤ ሴት ሐኪም የምትመርጥ ሴትም ካለች ትጠይቅ፡፡ አፍ አልፈታ ካለ ደግሞ ሕመሙን ቤት በወረቀት ጽፎ ሄዶ ለሐኪሙ ማቀበል ነው፡፡