ከምረንዝ እስከ ጤና አዳም፦ ዕፅዋትና ልባችን

የምንኖርባት የመዝከረት ባትያ ስም ራሱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ከሩሲያ ግዛት የመጡ አይሁድ ገበሬዎች ሲመሠርቷት ኤክሮን ትባል ነበር። በ1887 ባሮን ኤድሞንድ ሮትሺልድ በእናቱ በባትያ ስም እንድትጠራ አደረገ። በዕብራይስጥ «መዝከረት» ማለት መታሰቢያ ነው፤ በግዕዝም «ዝክር» እንላለን፣ ሥሩ አንድ ነው። እነዚያ ገበሬዎች ሲመጡ የእርሻ እውቀታቸውን ይዘው መጡ። የእኛም ወላጆች ከጎንደር፣ ከወልቃይት፣ ከትግራይ ሲነሱ ንብረታቸውን ትተው ቢመጡም እውቀታቸውን አልተዉም። ከዚያ እውቀት አንዱ የዕፅዋት እውቀት ነው። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ እሱ እናውራ፤ በተለይም ከልብ ጋር ስላለው ነገር።

በየቤታችን ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንደኛው ወጣት ነው፤ እናቱ ጤና አዳም ስትቀነጥብ አይቶ «ይሄ የድሮ ነገር ነው» ብሎ ይስቃል። ሁለተኛው ትልቅ ሰው ነው፤ የደም ግፊት ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ትቶ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ብቻ ይወስዳል። ታሪክን ብንጠይቅ ሁለቱንም ልክ አይደላችሁም ይላቸዋል።

መጀመሪያ ለሚስቀው ወጣት እንመልስ። ዛሬም ሐኪሞች ለልብ ድካምና ለተዛባ የልብ ምት የሚያዙት ዲጎክሲን የሚባል መድኃኒት አለ። ምንጩ ተክል ነው። በ1775 ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ አንዲት የገጠር አሮጊት ሰውነታቸው ውኃ ቋጥሮ ያበጠ ሰዎችን በቅጠል እንደምታድን ሰማ። መድኃኒቷ ከሃያ በላይ ዕፅዋት ድብልቅ ነበር። ዊዘሪንግ መርምሮ ሥራውን የሚሠራው አንዱ ብቻ፣ ዲጂታሊስ የተባለው፣ መሆኑን ለየ። ከዚያ አሥር ዓመት ሙሉ በበሽተኞቹ ላይ መጠኑን ሲመዝንና ሲመዘግብ ቆይቶ በ1785 መጽሐፍ አወጣ። የአሮጊቷ ስም በታሪክ አልቀረም፤ እውቀቷ ግን እስከ ዛሬ ሰው ያድናል።

ታዲያ ይህ ነገር የአውሮፓ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኢትዮጵያ ምረንዝ የሚባል ዛፍ አለ። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ቅርፊቱንና እንጨቱን ቀቅለው፣ እንደ ቅጥራን ጥቁርና ወፍራም እስኪሆን አፍልተው፣ የቀስታቸውን ጫፍ ይቀቡበት ነበር። ትልቅ አውሬ የሚጥል መርዝ ነው፤ የሚገድለውም ልብን በማቆም ነው። የሳይንስ ስሙ አኮካንቴራ ሺምፔሪ ይባላል። ሺምፔሪ የተባለው በዊልሄልም ሺምፐር ስም ነው። ይህ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1837 ኢትዮጵያ ገብቶ፣ ከደጃዝማች ውቤ እንትጮን ተሹሞ፣ በ1878 እስኪሞት ድረስ አብዛኛውን ዕድሜውን እዚያው የኖረ ነው።

በ1888 ሊዮን አርኖ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ከዚሁ ዛፍ እንጨት ውስጥ ንጥረ ነገሩን ለይቶ አወጣ። ስሙንም ሶማሌዎች ለቀስት መርዝ ከሚሉት «ዋባዮ» ወስዶ ዋባይን አለው። በአውሮፓ ሐኪሞች ይህንኑ መርዝ በጣም በጥቂቱ፣ በመርፌ፣ ለደከመ ልብ መስጠት ጀመሩ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ላይ ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ የሚያመላልስ ፓምፕ አለ። ዋባይንና ዲጎክሲን ይህን ፓምፕ ያግዱታል። ትንሽ ሲታገድ በልብ ጡንቻ ውስጥ ካልሲየም ይጨምርና ልብ አጥብቆ ይመታል። ከልኩ ሲያልፍ ደግሞ ምቱ ይዛባል፣ ይቆማልም። ፓምፑን ያገኘው ዴንማርካዊው ዬንስ ስኮ በ1997 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ፣ ከሥራው መሣሪያዎች አንዱ ይኸው የቀስት መርዝ ነበር።

እንግዲህ ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ለተዉት ታላላቆቻችን የሚሆነው መልስ እዚህ ላይ ነው። ያው አንድ ንጥረ ነገር ዝሆን ይጥላል፣ ሰውም ያነሳል። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ቅጠል ደግሞ መጠኑ አይታወቅም፤ በክረምት የተቆረጠውና በበጋ የተቆረጠው፣ ከደጋ የመጣውና ከቆላ የመጣው እኩል ኃይል የለውም። የዊዘሪንግ ትልቁ ሥራ ቅጠሉን ማግኘት ሳይሆን መለካቱ ነው።

ጤና አዳምስ? ቡናችን ውስጥ የምንጨምረው ይህ ተክል በሳይንስ ስሙ ሩታ ይባላል። በ1842 ከቅርብ ዘመዱ የወጣ ንጥረ ነገር ስሙን ከእሱ ወርሶ ሩቲን ተባለ። ሩቲን በቀጫጭን የደም ሥሮች ላይ ስላለው ጥቅም ከመቶ ዓመት ወዲህ ብዙ ተመርምሯል። ሆኖም የደም ግፊት መድኃኒትን የሚተካ ነው ያለ ሐኪም የለም። ለጣዕምና ለሽታ አንድ ዘለላ ብንጨምር ደግ ነው፤ በብዛት መጠጣት ግን፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር ሴት፣ አደጋ አለው።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳንረሳ። ወላጆቻችን በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን ሲመጡ የስኳር በሽታና የልብ ሕመም በእነሱ ዘንድ ብርቅ ነበር። ጥቂት ዓመታት እዚህ ከኖሩ በኋላ ግን ስኳሩም ግፊቱም በፍጥነት መጨመሩን የእስራኤል ሐኪሞች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጽፈዋል። የተለወጠው ምንድን ነው? ጤና አዳም እኮ እዚህም አለ። የቀረው ሌላ ነው፦ የጤፍና የዳጉሳ እንጀራ፣ የባቄላና የምስር ወጥ፣ የኑግና የተልባ ዘይት፣ ውኃ ለመቅዳትና ገበያ ለመድረስ የሚኬደው ረጅም መንገድ። ጨው በአሞሌ ተቆርጦ እንደ ገንዘብ በሚታይበት አገር ማንም በዘፈቀደ አይነሰንሰውም ነበር። እዚህ ነጭ ዳቦው፣ ጣፋጭ መጠጡና አውቶቡሱ ቀረቡን። ልባችንን ይጠብቅ የነበረው አንድ ቅጠል ሳይሆን አኗኗሩ በሙሉ ነበር።

ይህን አይቶ ነው በ1998 «ቴኔ ብሪኡት» የተባለው ድርጅት የተቋቋመው። «ቴኔ» በዕብራይስጥ ቅርጫት ነው፣ በእኛ ጆሮ ደግሞ ጤና ይመስላል። ሥራውም ለማኅበረሰባችን ስለ ጤና በራሱ ቋንቋ ማስረዳት ነው።

ለእናንተ ለወጣቶች የሚቀረው ሥራ ይህ ነው። ብዙዎቻችሁ እማማን ወይም አባባን ይዛችሁ ቁፓት ሆሊም ትሄዳላችሁ፣ ታስተረጉማላችሁ። እማማ «ልቤን አመመኝ» ሲሉ አንዳንዴ ጨጓራቸውን፣ አንዳንዴ ሐሳባቸውን ማለታቸው ነው፤ ስለዚህ የት ላይ እንደሆነ በእጃቸው እንዲያሳዩ ጠይቋቸው። ደግሞም በቤት የሚወስዱትን ቅጠልና ቅመም ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ። ደም የሚያቀጥን ኩማዲን ለሚወስድ ሰው ጎመን አንድ ቀን በብዛት፣ ሌላ ቀን ምንም መብላት የመድኃኒቱን ሚዛን ያዛባል፤ ነጭ ሽንኩርት በብዛት ሲሆንም መድማትን ሊያብስ ይችላል። ሐኪሙ ስለ ጎመን ወጥ ካልነገራችሁት ከየት ያውቃል?

ወላጆችም፣ ኪኒናችሁን ሐኪም ሳትጠይቁ አታቋርጡ። የምታውቁትን ቅጠል ስም፣ የሚበቅልበትን ቦታ፣ ምን ያህል እንደሚወሰድና ማን መውሰድ እንደሌለበት ለልጆቻችሁ ንገሩ። እናንተም ልጆች፣ ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡና ጻፉ። የዚያች የእንግሊዝ አሮጊት ስም ጠፍቷል፤ የአያቶቻችን ስም ከእውቀታቸው ጋር አብሮ ይጻፍ።