የብልሽት ምርመራ ታሪክ፤ ከመካኒኩ ጆሮ እስከ ፊት ካሜራ

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ከገባበት ጊዜ አንሥቶ የጥገና ሙያ ሁለት ተግባሮችን ይዞ ቆይቷል፤ ይኸውም ብልሽትን ፈልጎ ማግኘትና ያገኙትን መጠገን ነው። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያስቸግረው የመጀመሪያው መሆኑን ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በዲላና በይርጋ ጨፌ አልፎ ሞያሌ የሚደርሰው አውራ ጎዳና የዚህ ሙያ አንድ ትምህርት ቤት ነበር ለማለት ይቻላል። የጌዴኦን ቡና ለሚያመላልሱት የናፍጣ መኪናዎች የመካኒኩ ዋና መመርመሪያ ጆሮው፣ ዓይኑና እጁ ነበሩ። የሞተሩን ድምፅ አዳምጦ፣ የጢሱን ቀለም አይቶ፣ ነዳጅ ወደየሲሊንደሩ የሚያደርሱትን ቧንቧዎች ተራ በተራ አላልቶ የደከመውን ይለይ ነበር።

የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች በተሽከርካሪ ውስጥ ሲበራከቱ ይህ ዘዴ ብቻውን አልበቃም። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 የመኪና ውስጥ ኮምፒዩተሮች በጥቂት ሽቦ የሚነጋገሩበትን ካን የተሰኘ መረብ ይፋ አደረገ። አሜሪካም ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ባለ 16 እግር የመመርመሪያ መሰኪያና ወጥ የብልሽት ኮድ እንዲኖራቸው አስገደደች። በዚህም አሠራር በ«ፒ» የሚጀምር ኮድ ሞተርንና ካምቢዮን፣ በ«ሲ» የሚጀምር ሻሲን፣ በ«ቢ» የሚጀምር ቦዲን፣ በ«ዩ» የሚጀምር ደግሞ የመገናኛ መረቡን ያመለክታል።

ከዚያ ወዲህ መኪናው ራሱ መንገዱን እንዲያይ ተደረገ። ሱባሩ አይሳይት የተባለውን ባለ ሁለት ካሜራ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን ለገበያ አቀረበ። ኢትዮጵያም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለች ወዲህ፣ ብዙዎቹ የፊት ካሜራ የተገጠመላቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች ወደ ጋራዦች መምጣታቸው የማይቀር ሆኗል።

የጌዴኦ ደጋ ለዚህ ዓይን የሚመች አይደለም። በክረምት ጉም ሲወርድ፣ የኮረኮንች መንገድ ጭቃ የፊት መስታወቱን ሲሸፍን፣ የአስፋልቱም መስመር ሲደበዝዝ ካሜራው ሥራውን ለጊዜው ሊያቋርጥና መብራት ሊያበራ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም። በዚህ ምክንያት ካሜራውን መለወጥ የውጭ ምንዛሪ ማባከን ይሆናል።

በሌላ በኩል፣ ኮዱን አጥፍቶ መኪናውን መልቀቅ ከዚህ የከፋ ጉዳት አለው። መስታወት ተለውጦ ካሜራው በ1 ዲግሪ ብቻ ወደ ጎን ቢዞር፣ በ100 ሜትር ርቀት ላይ 1.75 ሜትር ያህል ይስታል፤ ይህም 3.5 ሜትር የሚሰፋ የመንገድ መስመር ግማሽ ነው። ከፊት የሚመጣው የጭነት መኪና በየትኛው መስመር እንዳለ ለይቶ ማወቅ ያዳግተዋል። ሾፌሩ ግን መብራቱ ስለጠፋ ተማምኖ ይነዳል።

ስለሆነም ምርመራው ቅደም ተከተል ይፈልጋል። መጀመሪያ መስታወቱ ይጸዳል፤ ቀጥሎም የባትሪው ቮልቴጅ፣ ፊውዙና መሰኪያዎቹ ይታያሉ፤ ከዚያ ኮዱ ይነበባል። የ«ዩ» ኮድ ከተገኘ ካሜራው ከመወቀሱ በፊት ሽቦው ይፈተሻል። የካሜራው መያዣ፣ የመስታወቱ ዓይነትና የጎማው ንፋስም መታየት አለባቸው። በመጨረሻ ካሊብሬሽን ይደረጋል፤ እንደ መኪናው ዓይነት፣ በደልዳላ ወለል ላይ ምልክት የተሣለበት ሰሌዳ ከፊት አቁሞ ወይም ጥርት ያለ መስመር ባለው ጎዳና ላይ ነድቶ ይከናወናል።

ኮድ እንደ ምስክር ነው፤ ያየውን ይናገራል፣ ፍርዱን ግን ለመርማሪው ይተዋል። ቧንቧውን ተራ በተራ እያላላ ይፈልግ የነበረው የዲላ ጎዳና መካኒክም የሠራው ይህንኑ ነበር።