የተመሰከረለት የሂሳብ ባለሙያነት በኢትዮጵያ

የተመሰከረለት የሂሳብ ባለሙያ ለልዩ ልዩ ድርጅቶች በክፍያ የሂሳብ፣ የኦዲትና የግብር ምክር አገልግሎት የሚሰጥ ባለፈቃድ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የዚያን ቤት መዝገብ ብቻ ከሚይዝ የሂሳብ ሠራተኛ ይለያል። በኢትዮጵያ ሙያውን የሚቆጣጠረው በ2007 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 332 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ሲሆን፣ ሥልጣኑ የመነጨው ከአዋጅ ቁጥር 847/2006 ነው።

ተማሪዎችን የሚስቡ ምክንያቶች

የመጀመሪያው ምክንያት ሕግ የፈጠረው የሥራ ዕድል ነው። ከ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ጀምሮ አክሲዮን ማኅበራት ሂሳባቸውን በኦዲተር ማስመርመር ግዴታቸው ነው። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ደግሞ ባንኮችንና ሌሎች ትልልቅ ድርጅቶችን በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች እንዲሠሩ ስለሚያዝ፣ ደረጃዎቹን የሚያውቅ ባለሙያ ይፈለጋል።

ሁለተኛው የሥራው ስፋት ነው። በኦዲት ድርጅት የሚጀምር ተመራቂ በአንድ ዓመት ውስጥ የባንክ፣ የፋብሪካና የበጎ አድራጎት ድርጅት መዛግብትን ሊያይ ይችላል። ሦስተኛው የራስን ቢሮ የመክፈት ተስፋ ነው። እንደ ኤሲሲኤ ያለ በብዙ አገሮች የታወቀ ማዕረግም ከአገር ውጭ ለመሥራት ይረዳል። የቤተሰብና የመምህራን ምክርም በምርጫው ላይ ድርሻ አለው።

በሰሜን ሸዋ

ለአንኮበርና ለአሊዩ አምባ ተማሪዎች ቅርቡ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የሂሳብ አያያዝና ፋይናንስ ትምህርትም ይሰጣል። ከተማዋ የብርድ ልብስና የቢራ ፋብሪካዎች እንዲሁም የኢንዱስትሪ ፓርክ ስላሏት፣ ተማሪው የሚማረውን ሥራ የሚፈልጉ ድርጅቶች በአቅራቢያው አሉ።

ፈተናዎች

ዲግሪ ብቻውን ፈቃድ አያስገኝም። ለምሳሌ ኤሲሲኤ ከፈተናዎቹ በተጨማሪ የ36 ወር የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋና ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች እስከ ጥቅምት 30 ስለሚያሳውቁ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሥራው ይበረታል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ነፃነትን መጠበቅ ነው። ኦዲተሩ የሚከፈለው ከሚመረምረው ድርጅት ሲሆን፣ ሪፖርቱን አምነው ገንዘባቸውን የሚያውሉት ግን ባለአክሲዮኖችና አበዳሪዎች ናቸው። ከዓለም አምስት ትልልቅ የኦዲት ድርጅቶች አንዱ የነበረው አርተር አንደርሰን፣ ደንበኛው ኤንሮን እ.ኤ.አ. በ2001 ከከሰረ በኋላ በ2002 የኦዲት ሥራውን አቁሟል። ሙያውን የሚያስከብረው እምነት ሲጠፋ ትልቅ ስም እንኳ እንደማያድን ይህ ታሪክ ያሳያል።