በጉንደ ወይን አገር የእናት ዝግጅት ለልጃገረድ መጀመሪያ አደፍ

ጉንደ ወይን ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። በዚህችም ሆነ በቀረው የምሥራቅ ጎጃም ገጠር፥ እናት ሴት ልጅዋን ለመጀመሪያው አደፍ እንዴት ታዘጋጃት ነበር ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ የሚገኘው ከጋብቻ ታሪክ ነው።

አማርኛ ለዚህ ነገር ያለው ስም ሁለት መልክ አለው። «አደፍ» እድፍን ሲያመለክት፥ «የወር አበባ» ፍሬን ያስጠብቃል። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 15 ለመንጻት 7 ቀን ይወስናል፤ ፍትሐ ነገሥትም በአደፍ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን እንዳትገባ ይከለክላል። ቤተ እስራኤላውያን በኢትዮጵያ ሳሉ ሴቶቻቸው እነዚህን ቀኖች በ«መርገም ጎጆ» ስለሚያሳልፉ፥ ልጃገረድ ወጉን ከታላላቆችዋ ትማር ነበር። የክርስቲያኑ አማራ ሴት ግን ከቤትዋ ስለማትለይ ነገሩ ተሰውሮ ይኖር ነበር።

በ1997 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የአማራ ክልል ሴቶች ከግማሽ የሚበዙት 15 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ነበሩ። ስለዚህ ለብዙዎቹ የመጀመሪያው ደም የታየው በአማት ቤት ነው። ደም የሚመጣው ከወንድ በመድረስ ነው የሚል እምነትም በአማራ ገጠሮች ስለ ነበረ፥ ሳትዳር አደፍ ያየች ልጅ ለሐሜት ትጋለጥ ነበር። እንግዲህ የእናት ዝግጅት ልጅቱን አስቀድሞ ለወግ ማዕረግ ማብቃት ነበረ። ዝምታዋም ክብርን የመጠበቂያ መንገድ እንጂ ቸልታ አልነበረም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴትን የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት አደረገ፤ የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግና የ1995 ዓ.ም. የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 አሳደጉት። ሕጉ በሚከበርበት ቤት ልጅቱ አደፍ የምታየው ከእናትዋ ዘንድ ሆና፥ ትምህርት ቤት እየዋለች ነው። ያን ጊዜ እናት ራስዋ ከእናትዋ ያልሰማችውን ቃል ለልጅዋ መናገር ግድ ይሆንባታል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ከተሞከሩት አንዱ፥ በ1996 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም፥ በይልማና ዴንሳ ወረዳ፥ ሞሰቦ ላይ የተጀመረው «ብርሃነ ሔዋን» ነው። በዚያ ልጃገረዶች ከመሪ ሴቶች ዘንድ እየተሰበሰቡ ንባብንና የሥነ ተዋልዶ ጤናን ተማሩ፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ላቆዩ ቤተሰቦችም የቤት እንስሳ ስጦታ ተመደበላቸው።

ስለዚህ ከጋብቻው ዕድሜ ጋራ አብሮ የተዛወረ አንድ ግዴታ አለ፤ ከአማት ቤት ወደ እናት ቤት ተመልሷል። የቤተሰብን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ግዴታ ከሕጉ አጠገብ ሊያኖረው ይገባል።