እቴጌ ጣይቱን ለምን ጠሏቸው?

በዲማ ማኅበራችን ሊቀመንበር ወይም ገንዘብ ያዥ ሆና ያልታማች ሴት የለችም። ብድሩ ያለፈባትን ስትጠይቅ «ጨካኝ»፣ ከስብሰባ የቀረችውን ስትቀጣ «ኩሩ» ትባላለች። ስለዚህ የምርጫ ቀን ሲደርስ ብዙዎቻችን «እኔስ ጥላቻ አልፈልግም» እያልን እንሸሻለን። ከመሸሻችን በፊት የእቴጌ ጣይቱን ታሪክ እናስታውስ።

ጣይቱ ብጡል ከሰሜን መጥተው በሸዋው ንጉሥ በምኒልክ ቤት ሲገቡ፣ ከመኳንንቱ መካከል በጎ ዓይን የነፈጓቸው ነበሩ። እርሳቸው ግን ለመወደድ ብለው ቃላቸውን አላለሰለሱም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በጣልያንኛው ኢትዮጵያን ከጣልያን ጥላ ሥር የሚያገባ ሆኖ ሲገኝ፣ በ1883 ዓ.ም. ሊያግባባ ለመጣው አንቶኔሊ አንዲት ስንዝር አልተመለሱለትም። በጥር 1888 ዓ.ም. የመቀሌ ምሽግ ሲከበብም፣ የጠላትን ውኃ መያዝ የእርሳቸው ምክር ነበር። ውኃው ሲያዝ ምሽጉ ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይም ከነሠራዊታቸው ነበሩ።

ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። ምኒልክ በጠና ሲታመሙ እቴጌይቱ ሹም ሽሩን በእጃቸው አስገቡ። ሥልጣንና ጋብቻ ወደ ዘመዶቻቸው እያዘነበለ መጣ የሚል ቅሬታ በረታ፤ የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ ራስ ጉግሣም ቀድሞ የዘውዲቱ ባል ነበር። የሸዋ መኳንንት በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ተባብረው ከመንግሥት ሥራ አራቋቸው። ምኒልክ ከሞቱ በኋላ ኖሯቸው በእንጦጦ ሆነ፤ በየካቲት 1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ።

እንግዲህ እቴጌይቱን ያገኟቸው ሁለት ዓይነት ጥላቻዎች ናቸው። አንዱ «እምቢ» በማለታቸው የመጣ ነው፤ ይህን ዛሬም እንኮራበታለን። ሴትና የሌላ አገር ሰው በመሆናቸው የመጣውን ደግሞ ማንም ልታስቀረው አትችልም። ሁለተኛው ግን «ለዘመዶቿ ታደላለች» ከሚል ቅሬታ የበቀለ ነው፤ እርሱን መስማት ይገባ ነበር።

እኛም ስንታማ መጀመሪያ «ይህች ሐሜት ከየትኛዋ ናት?» ብለን እንጠይቅ። ደንብ በማስከበራችን ከሆነ፣ ታምተንም ቢሆን በደንቡ እንጽና፤ ያማችንንም ሰላምታ አንንፈጋት። በማዳላታችን ከሆነ ግን ያማችን ውለታ ውላልናለች። ስለዚህ የመሪዋ እህት ወይም ምራት ብድር ስትጠይቅ፣ መሪዋ ከውሳኔው ወጥታ ደጅ ትቀመጥ፤ መዝገቡም በሁሉም ፊት ይነበብ።

ዘንድሮ ስትመረጡ አትሽሹ፣ እህቶቻችን።